ምሳ የምንበላበት በር

ከደጃፉ ሥር የነበረው የዘይነባ ፍራሽ ከተነሣ ወራት አልፈዋል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ቦታውን ዘለን ነው የምናልፈው። ባለፈው ሳምንት አስቴር የጫማ መደርደሪያ ልታስቀምጥበት አሰበችና ዞራ ዞራ ተወችው። "እንደው ብትመለስስ?" አለችኝ። "ወደዚህ የምትመለስ አይመስለኝም" አልኳት። "እሱንማ አውቃለሁ፤ ግን ብትመለስስ?" አለች። እንዳትደነግጡ፣ ዘይነባ አልሞተችም። ነገር ግን እንዴት እንደ ሄደች ሳልነግራችሁ የት እንደ ደረሰች መናገር አልፈልግም።

ጅዳ ውስጥ፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ መኝታ ቤት ያለው ቤት ለሦስት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሰዓዳ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰው ቤት አጸዳለሁ። አስቴር ጎንደሬ ናት፤ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ምላሷ ከመቀሷ ይበልጣል። ዘይነባ የሐይቅ አካባቢ ሰው ናት። በዕድሜ ከሁለታችንም ትበልጣለች፤ ረጅም ናት፤ ስትስቅ ጉልበቷን እየመታች፣ አንዳንዴም የጎረቤቷን ጉልበት እየመታች ነው።

እኔ ደግሞ ቁልፍ የምወድ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ፣ መቆለፉን ነክቼ፣ ከተኛሁም በኋላ ተነሥቼ እንደገና የምነካ። አላህ ሲቀልድብኝ ዘይነባን ላከብኝ።

ገና በገባች ሳምንት ከሥራ ስመለስ የመኝታ ቤታችን በር የለም። ወደ ሽንት ቤት ዞር ብል የሱም የለም። ጣራ ላይ ወጥቼ ባይ የመኝታ ቤቱ በር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ዘይነባ ደግሞ የሽንት ቤቱን በር በሳሙና እየፈተገች ነው። መፍቻው የገበታ ቢላዋ ነበር።

"በሩስ?" አልኳት።

"ይኸው። የትም አልሄደም።"

"ሽንት ቤቱስ?"

"መጋረጃ ሰቅዬለታለሁ። እኔ ስገባ መንዙማ አዜማለሁ፤ አንቺ የፈለግሽውን በይ።"

ያንን በር አጥባና አድርቃ በወተት ጣሳዎች ላይ አጋደመችው፤ ጨርቅ አለበሰችውና "ገበታ ሠራሁላችሁ" አለች። አስቴር በማርያም ምላ ተገዘተች። "እኔ የሽንት ቤት በር ላይ እህል አልቀምስም!" አለች። ሳህኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትበላ ጀመር። ዘይነባ ትኩስ ዓሣ ጠብሳ፣ ሎሚና ቃሪያ አድርጋ ያቀረበች ዕለት ግን መሐላዋን ረስታ ከሁላችን ቀድማ ተቀመጠች። የቤቱ ጠባቂ የመናዊው አቡ ሳሊም ሊጎበኘን መጥቶ "ወይን አልባብ?" ብሎ በሩን ሲጠይቅ፣ ዘይነባ የገበታውን ጨርቅ ገለጠችና "ተፈደል፣ ያ አቡ ሳሊም" ብላ እንዲቀመጥ ጋብዛ ሻይ ቀዳችለት። ሰውዬው በሩ ላይ ሻዩን ጠጥቶ፣ እየሳቀ ሄደ።

"በር ለከብት ነው" ትል ነበር። አስቴር "ሌባስ?" ስትላት፣ "ሌባ ክፍት ቤት ካየ ሰው አለ ብሎ ይሸሻል" ትላለች። በውጪው በር ጉዳይ ግን እኔም በዋዛ አልተሸነፍኩም። ተጨቃጭቀን ታረቅን፤ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ግን ከውስጥ እንደ ተሰካ ያድራል፣ እሷም እጇ በሚደርስበት ትተኛለች። ፍራሿ ደጃፍ ሥር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ቀን የጣራውን በር ነፋስ ሲያላትመው ዘይነባ ዐይኗ እኛን የማያይ ሆኖ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። ስንጠራት አትሰማም። ቆይታ ተነሣችና ንጹሕ ልብስ ሁሉ አውጥታ ታጥብ ጀመር። በማግሥቱ ግን ቀልዷ እንደ ወትሮው ነው። እንዲህ ያለው ቀን እየደጋገመ ይመጣ ነበር፤ እኛም ጠባይዋ ነው እያልን እናልፈዋለን።

ዘይነባ ሀያት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። በእግሯ መሄድ እንደ ጀመረች ለሟች ባሏ እናት ሰጥታት ነው የመጣችው። በየቀኑ በስልክ ይነጋገራሉ፤ ሀያት አድጋ፣ ተምራ፣ ለእጮኝነት ስትደርስ ግን እናቷ አንድ ቀንም አልሄደችላትም። "ከፊሌ አይለቀኝም" ትላት ነበር። ከፊሏ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ዋስ የሆነው አሠሪዋ፣ ምን የመሰለ ደግ ሽማግሌ! በየዒዱ "ልጅሽን አትናፍቂም? ለምን አትሄጂም?" የሚላት እሱ ነው። ሐይቅ ላይ ግን ዘመድ ሁሉ በሱ ላይ ዱዓ ያደርግበታል። ጉልበቱን ሲያመው ባየች ቁጥር ዘይነባ ወደ ቤታችን መጥታ "ወላሂ የኛ ሰፈር ዱዓ ነው! ምስኪን፣ በእኔ ውሸት ሰውዬው ሊሽመደመድ ነው" እያለች ጉልበቷን ትመታለች።

አንድ ጊዜ ቲኬት ቆርጣ ነበር። እኔና አስቴር ሸኝተናት፣ አልቅሰን፣ ተመለስን። ማታ ራት ስናቀርብ ዘይነባ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች።

"አውሮፕላኑ ሞልቶ ነበር" አለች።

አስቴር ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። "አውሮፕላን ሚኒባስ ነው እንዴ የሚሞላው?"

ዘይነባ ልትስቅ ሞከረችና አልሆነላትም። "ሰው አንድ በአንድ በዚያች በር ሲገባ አየሁ። ኋላ ይዘጉታል። እንደ ዘጉት ደግሞ እስኪደርስ አይከፍቱትም። እግሬ እምቢ አለኝ" አለች። ታዲያ ስትመጪ በምን መጣሽ ብላት፣ "ያኔ ሌላ ሰው ነበርኩ" ብላ ተነሥታ ልብስ ልታጥብ ሄደች። አገር ቤት ያለችው ልጅ ተቀምጣ እናቷን ትጠብቅ ነበር።

እኔ የወሎ ሰው አይደለሁ? በር የሚፈራ ሰው ባይ መጀመሪያ የመጣልኝ ጂን ነው። መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ በሽተኛ ላይ ቁርኣን የሚቀሩ፣ ሩቅያ የሚያደርጉ፣ ሸሕ ኑሩ የሚባሉ ያገራችን አዛውንት ነበሩ። በእረፍት ቀናችን ወሰድኳት። አስቴር "እኔ እዚያ አልገባ፤ ከዚሁ ሆኜ ለማርያም እነግርላታለሁ። በሁለት በኩል ትያዝ" ብላ ሸኘችን።

ሸሕ ኑሩ አስቀመጡን፤ የዘምዘም ውሃ ያለበትን ባልዲ አቀረቡ፤ ከዚያ ጂኑ እንዳያመልጥ ብለው መስኮቱን ዘጉ፤ ቀጥለው በሩን ዘጉ፤ ቁልፉንም አዞሩት። ዘይነባ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ባልዲው ተገለበጠ። ሸሑን ገፍታ፣ ቁልፉን አዙራ፣ ጫማዋን ትታ ደረጃውን ወረደች። እኔ በኋላዋ፣ ሸሑ በኋላዬ፣ በባዶ እግራቸው። የደጁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ደረስንባት። አሁን ተቆጥተው ያባርሩናል ብዬ አፍሬ ቆምኩ። እሳቸው ግን አጠገቧ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ልጄ፣ ጂን የሚሸሽ ቁርኣን ሲሰማ ነው" አሉ። "አንቺ ገና ቢስሚላህ ሳልል ነው የሸሸሽ። የሸሸሽው ከበሩ ነው።"

"የዘጉት እርስዎ ነዎት፣ አባባ" አለች ዘይነባ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ሸሑ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማን ቆልፎብሽ ነበር?" አሏት።

እንባዋ ብቻ ወረደ። "እሺ፣ ለኔ አትንገሪኝ። ለሆነ ሰው ግን ንገሪ። ለዚህ ሐኪም አለው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ከአላህ መሸሽ አይደለም" አሏት። እዚያው ደረጃው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ "አሚን" ይል ነበር። ዘይነባ በመኪና ስንመለስ መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፍታ፣ "ሩቅያዬን ገበያ መሀል ተቀራሁ!" እያለች ሳቀች።

ለሆነ ሰው መንገሩ ግን ጊዜ ወሰደ። በሐጅ ወቅት እኔና እሷ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ውስጥ ሐጃጆች ያረፉበት ረጅም ሕንፃ ለማጽዳት ተቀጠርን። ሁላችን አንሶላውን ጭነን በአሳንሰር ስንወጣ፣ እሷ ተሸክማ በደረጃ ትወጣለች። ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ይህን አየና ሰብስቦን "ከዘይነባ ተማሩ! እናንተ ሰነፎች ቆማችሁ ትወጣላችሁ፣ እሷ በእግሯ ትሮጣለች!" ብሎ ገሠጸን። ዘይነባ አንገቷን ደፍታ ምስጋናውን ተቀበለች። እኔን በዐይኗ ጠቀሰችኝ።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ አሳንሰሩ በኛ ፎቅ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውስጥ አንዲት አሮጊት ሐጃጅ ብቻቸውን ነበሩ። የየት አገር ሰው እንደሆኑ አላወቅንም፤ ቋንቋቸው አይገባንም፤ ጩኸታቸው ግን ቋንቋ አላስፈለገውም። በሩን ይደበድባሉ። አንዱ የሕንፃው ሠራተኛ ባለሙያ ለመጥራት ሮጠ። እኔ ዘይነባ ትወድቃለች ብዬ እሷን ልይዝ ዞርኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። ደረጃው ከኋላዋ ክፍት ነው፤ ትሮጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልሮጠችም። ሄዳ መዳፏን የአሳንሰሩ በር ላይ ለጠፈችው። "እማማ! አለሁ!" አለች በአማርኛ። ሴትዮዋ በሩን መደብደባቸውን አላቆሙም። ያኔ ዘይነባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ፋቲሓ ቀራች። ድብደባው ቆመ። ደግማ ስትጀምር ከበሩ ወዲያ ቀጭን ድምፅ አብሮ ቀራ። አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትቀጥላለች። በመሀል "አለሽ?" ትላለች ዘይነባ፤ ከውስጥ በማናውቀው ቋንቋ መልስ ይመጣል፤ "አለሁ፣ እኔም አለሁ" ትላለች። ባለሙያው መጥቶ በሩ ሲከፈት አሮጊቷ ወጥተው የዘይነባን አንገት አቅፈው አለቀቁም። ሁለቱም የሚሉትን የሚሰማ አልነበረም፤ ሁለቱም ግን ብዙ አወሩ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ነገረችኝ።

ወላጆቿ በሕፃንነቷ ሞተውባት አጎቷ ቤት ነው ያደገች። የአጎቷ ሚስት ገበያ ስትሄድ እህል ታጠፋለች ብላ ጎተራ ውስጥ ትቆልፍባት ነበር። ከነጋ እስኪመሽ፣ በጨለማ፣ ከአይጡ ጋር። "ለምጄው ነበር፣ ወላሂ። አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ረሳሁት። አውሮፕላን ተሳፍሬ መጣሁ፤ እንቅልፍ ሁሉ ወስዶኝ ነበር" አለችኝ። ጅዳ እንደ ደረሰች የገባችበት ቤት ማዳም ግን ለበጋው ዕረፍት ከነቤተሰቧ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ ዘይነባን ውስጥ ቆልፋባት ሄደች። ማቀዝቀዣው በምግብ ተሞልቷል፤ ስልክ የለም፤ መስኮቱ ብረት ነው። እስኪመለሱ ድረስ ብቻዋን ቆየች። "ጎተራ ነው አልኩ፣ ሰዓዳ። ስድስት መኝታ ቤት ያለው ጎተራ!" አለችና ሳቀች፤ ስትስቅም አለቀሰች። "ጨለማው አይደለም እኮ የገደለኝ። መብራቱማ ቦግ ብሎ ነበር። በር ስትመቺ ከወዲያ 'አለሁ' የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ዛሬ እማማን ሳያቸው ይህን አወቅሁ። ከውጭ ሰው ካለ በሩ እንጨት ብቻ ነው።"

ከዚያ በኋላ ራሷ "ያላ፣ ሐኪም ፈልጊልኝ" አለችኝ። ጅዳ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም የሆኑ አንዲት ሱዳናዊት ሴት አገኘን። መጀመሪያ ቀን ዘይነባ "በሩ ክፍት ይሁን" ስትላቸው ተነሥተው ራሳቸው ከፈቱት፤ እሷም እዚያው ወደደቻቸው። የሐኪሟን ነገር ቤት ስትተረጉምልን እንዲህ ነበር፦ "ማሰሮው ድሮ ተሰንጥቋል፤ ግን ውሃ ይይዝ ነበር። ማዳም እዚያው ስንጥቁ ላይ ደገመችው። የሞኝ ማሰሮ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የተመታ ማሰሮ ነው።" ለአስቴር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የራሷም የልጅነት ነገር ሳይኖራት አይቀርም፤ ያን ቀን ብዙ አልቀለደችም።

ሐኪሟ ያዘዙት ልምምድ ቤታችንን ትምህርት ቤት አደረገው። የመኝታ ቤቱን በር ከጣራ አውርደን መልሰን ሰቀልን። ዘይነባ ቁልፉን በእጇ ይዛ ትገባለች፤ በሩን ራሷ ትዘጋለች፤ እኛ ከውጭ እንቆማለን። መጀመሪያ ለአንድ ፋቲሓ ያህል ብቻ። እኔ ሥራ ስሆን ከውጭ የምትቆመው አስቴር ነበረችና ጊዜውን የምትለካው በአባታችን ሆይ ነው። ዘይነባ ከውስጥ ትጮሃለች፦

"አስቴር! አንቺ እንደ ቄስ እያዜምሽ ልትገድዪኝ ነው! ቶሎ በይው!"

"ጸሎት አይሮጥም! አለሽ?"

"አለሁ!"

"እኔም አለሁ። ይኸው፣ አሜን። ክፈቺ።"

ከአጭሯ ፋቲሓ ወደ ረጅሙ ሱራ ወደ ያሲን አደግን። መጥፎ ቀንም ነበረ፤ ገብታ ወዲያው እየተንፈራፈረች የወጣችበት፣ ልብስ አጥባ ያደረችበት። "ኸላስ፣ አይሆንልኝም" ትላለች፤ በማግሥቱ ግን ቁልፉን ይዛ ትነሣለች።

በዚህ መሀል የሀያት የኒካሕ ቀን ተቆረጠ። ዘይነባ እኛ ፊት ደወለችና ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረቻት። "ልጄ፣ ከፊሌ ምስኪን ነው። ያስቀረኝ እሱ አይደለም። በር ፈርቼ ነው።"

ከወዲያ ማዶ የሀያት ድምፅ መጣ። "እናቴ፣ በር ፈራሁ ይባላል? እስካሁን ከፊል ነበር፤ አሁን ደግሞ በር። ለሠርጌ ካልመጣሽ ከእንግዲህ አትደውዪልኝ።" ስልኩ ተዘጋ። ዘይነባ ስልኩን ገበታችን ላይ አስቀመጠችና "እውነቷን ነው። ጎተራ ቢሆንም እገባለሁ" አለች።

የበረራዋ ቀን ሐኪሟ ያዘዙላትን ክኒን ዋጠች፤ የመኝታ ቤታችንን ቁልፍ ለምና ወስዳ ጨበጠችው። ምንም እንደማይከፍት ታውቃለች፤ እጇ እንዲይዘው ብቻ ነው። ሸኝተናት አልተመለስንም፤ ተርሚናሉ ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅናት። ተመልሳ ትመጣለች ብለን እንደ ሆነ ለእሷ አልነገርናትም።

ስልኬ ጮኸ።

"ሰዓዳ፣ ገብቻለሁ። መቀመጫዬ ላይ ነኝ። በሩን ሊዘጉት ነው።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "አለሽ?"

"አለሁ" አልኩ። አስቴርም ስልኩ ላይ ተደፍታ "አለሁ!" አለች።

"ዘጉት። ወላሂ ዘጉት። ያ አላህ… አለሽ?"

"አለሁ፣ ዘይኑዬ፣ አለሁ!" እያልኩ ጮህኩ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። "አጠገብሽ ማን አለ?"

"አንዲት ልጅ። ኮምቦልቻ የምትሄድ።"

"እጇን ያዢና ንገሪያት።"

"እህቴ" ስትል ሰማሁ፣ "በር እፈራለሁና አለሽ ስልሽ አለሁ በዪኝ።" ልጅቷ ምን እንዳለቻት ሳልሰማ ስልኩ ተቋረጠ። እኔና አስቴር ሰሌዳው ላይ አውሮፕላኑ ተነሣ እስኪል ድረስ ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም።

ቀኑ መሸ። ሌላም ቀን መሸ። ስልኳ አይነሣም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ስንበላ የድምፅ መልእክት ገባ። ስልኩን ገበታው መሀል አድርገን ከፈትነው።

መጀመሪያ የእንጨት በር ሲንኳኳ ተሰማ። "ሀያት" አለች ዘይነባ። መልስ የለም። ሙሽራዪት አኩርፋ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች፤ ከኋላ ሴቶች ሲያንሾካሹኩ ይሰማል። "ሀያትዬ፣ እናትሽ ነኝ። አላስከፍትሽም። ስትፈልጊ ትከፍቻለሽ። እኔ እዚሁ ደጃፉ ሥር ነኝ።" የዘይነባ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ቀስ ብላ፦ "አለሽ?"

አስቴር እጄን ያዘችኝ።

"አለሁ" አለ ከበሩ ወዲያ የልጇ ድምፅ፤ አለቀሰ።

"እኔም አለሁ" አለች ዘይነባ። መቀርቀሪያው ሲንሸራተት ሰማን፤ መልእክቱ እዚያ ላይ ቆመ።

አስቴር ዐይኗን በመጎናጸፊያዋ ጠርጋ፣ አፍንጫዋን ነፍታ፣ መጋረጃ የተሰቀለበትን ሽንት ቤታችንን ለብዙ ጊዜ አየችው።

"እንግዲህ እሷም ሄደች" አለች። "በሩን መልሰን እንስቀለው እንዴ?"

ቁልፍ የምወደው እኔ ነኝ። ከሳህኔ በታች ያለውን ጨርቅ አስተካከልኩና፣

"እና ምሳችንን ምን ላይ እንብላ?" አልኳት።